ለአንድ ጎተራ ሁለት መንገድ

ድሬዳዋን የወለዳት መንገድ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበደው ቆላውን ተከትሎ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። ዛሬ ወደ ወደቡ የሚወርድ ጭነት በኤሌክትሪክ ባቡሩም በደወሌ በኩል በሚያልፈው አስፋልትም መሄድ ይችላል። አንዱ ሲቋረጥ በሌላው ይደርሳል።

የሰርቨር ባለሙያዎች ይህንኑ ሐሳብ በማሽን ክፍላቸው ሲሠሩበት «ማልቲፓዝ» ይሉታል፤ ባለብዙ መንገድ ማለት ነው።

የባንክ ሒሳብ፣ የሕሙማን ካርድ ወይም የተማሪዎች ውጤት የሚያስተናግድ ትልቅ ሰርቨር ብዙውን ጊዜ መረጃውን በራሱ ውስጥ አያስቀምጥም። መረጃው ያለው «ስቶሬጅ» በሚባል ሌላ ሣጥን ውስጥ፣ በተደረደሩ ዲስኮች ላይ ነው። ዲስኮቹ ተጣምረው እንደ አንድ ሰፊ ጎተራ ሲያገለግሉ ፑል ይባላሉ። ፑሉ በአግባቡ ከተዋቀረ አንድ ዲስክ ቢበላሽ መረጃው ከቀሩት ላይ ይገኛል። ወደ ጎተራው የሚወስደው ኬብል አንድ ብቻ ከሆነ ግን ዲስኮቹ ሁሉ ደህና ሆነው ሳሉ ሥራው ቀጥ ሊል ይችላል። ኬብሉ መላላቱ ብቻ ለዚህ ይበቃል።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ጥንድ ይደረጋል፦ በሰርቨሩ ላይ ሁለት የኬብል መሰኪያ ካርድ፣ መሀል ላይ ሁለት አገናኝ ስዊች፣ በስቶሬጁ ላይ ሁለት ተቆጣጣሪ (ኮንትሮለር)። እያንዳንዱ ካርድ ሁለቱንም ኮንትሮለሮች ካገኘ አራት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

ይህ ግን አዲስ ችግር ይዞ ይመጣል። ሰርቨሩ አንዱን ዲስክ አራት ጊዜ ስለሚያየው አራት የተለያዩ ዲስኮች ይመስሉታል። አንድ እንግዳ ድሬዳዋ አንዴ በባቡር፣ አንዴ ከሐረር ቁልቁል በመኪና ቢገባ፣ ስሟን ካልጠየቀ ሁለት ከተማ ያየ ሊመስለው እንደሚችል ማለት ነው። የማልቲፓዝ ፕሮግራም ሥራ ስም መጠየቅ ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ከሌላው የሚለይበት የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ፕሮግራሙ በአራቱም መንገድ ቁጥሩን ይጠይቃል፤ መልሱ አንድ መሆኑን ሲያይ አራቱን በአንድ ስም ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ሴኮንዱ መንገዶቹን ይፈትሻል፤ የተዘጋውን ይተዋል፣ ሲጠገን ይመልሰዋል።

ከባዱ ሥራ ሁለተኛውን መንገድ መረጃ ለያዘና በሥራ ላይ ላለ ፑል መጨመር ነው። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ላይ ፑሉ ዲስኩን በቀድሞው፣ በአንዱ መንገድ ስም ይዞት እያለ ማልቲፓዙ ሊረከበው አይችልም። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰዳል። ቀጥሎ ፑሉን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ይቆማሉ፤ ፑሉም ይለቀቃል። ማልቲፓዙ ተነስቶ መንገዶቹን ከሰበሰበ በኋላ ፑሉ በአዲሶቹ ስሞች ተመልሶ ይገባል።

ዜድኤፍኤስ በተባለው ሥርዓት ለተሠራ ፑል ይህ ቅደም ተከተል መረጃን እንደ አዲስ መገልበጥ አይጠይቅም፤ የፑሉ ማንነት በየዲስኩ መጀመሪያና መጨረሻ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ መንገዱ ቢቀየርም ዲስኮቹ ይታወቃሉ። ኤልቪኤም በተባለው የዲስክ ማደራጃ ለሚሠራ ግን ነጠላ መንገዶቹን እንዳያይ መደረጉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ያንኑ ዲስክ ደጋግሞ እየቆጠረ ይደናገራል። ፍሪቢኤስዲ በተባለው ሥርዓተ ክወና ደግሞ የተለመደው የማልቲፓዝ አሠራር ምልክቱን በዲስኩ የመጨረሻ ሴክተር ላይ ይጽፋል፤ መረጃ ባለበት ዲስክ ላይ ሳያመዛዝኑ መጀመር ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

መንገዶች ሁለት የሚባሉት ግን በእውነት ሲለያዩ ነው። ከዚራና መጋላ የተባሉትን የድሬዳዋ ሰፈሮች የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በደጋው ሲዘንብ ግን ደራሽ ውኃ ያወርዳል። አንድ ጎርፍ ሁሉንም መሻገሪያ ከዘጋ የመሻገሪያው ብዛት ለተሻጋሪው አይጠቅመውም። ሁለቱ ኬብሎችም በአንድ ስዊች ካለፉ፣ ወይም ሁለቱ ስዊቾች ከአንድ የመብራት መስመር ከተሰኩ፣ ያ መስመር ሲቋረጥ ሁለቱም አብረው ይቋረጣሉ። ደግሞም ማልቲፓዝ የመጠባበቂያ ቅጂ ምትክ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ ፋይል በአራቱም መንገድ ቢፈለግ አይገኝም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤታቸውን ሰርቨር ለሚጠብቁ ባለሙያዎች አንድ አደራ አለ። ማልቲፓዙን ከገጠሙ በኋላ፣ ተገልጋይ በሌለበት ሰዓት፣ ሥራው እየሄደ አንዱን ኬብል በእጃቸው ይንቀሉ። ፑሉ ሳይቋረጥ ከቀጠለ መልሰው ይሰኩት፤ ከዚያም ሁለተኛውን ይንቀሉ። ይህ ፈተና ሳይደረግ ሥራው አልቋል ብለው አይፈርሙ።