ተረትና እውነታ፦ የታሰረችው ልጅ ኋላስ ምን ሆነች?

መቀሌ ውስጥ አንድ የእሑድ ቡና ላይ ነው። የስድስት ዓመቷ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ያመጣችውን የሥዕል መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ የተኛችውን ልዕልት በጣቷ ትነካካለች። «መቼ ነው የምትነሳው?» ብላ ጠየቀች። ቡናውን የምትቆላው አክስቷ «ልዑሉ ሲመጣ» አለቻት። ልጅቷ ገጹን ገለበጠች፤ ልዑሉ መጣ፤ መጽሐፉም አለቀ። «ደሓርከ?» አለች። ከዚያስ ማለቷ ነው። ጥግ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡት አደይ (በትግርኛ እናቴ ማለት ነው) ይህን ሲሰሙ፣ «በኛም ተረት ዛፍ ላይ የታሰረች ልጅ ነበረች፤ ኋላ ግን ነገሠች» ብለው ጀመሩ።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ «ደሓርከ» ነው።

ተረት፦ «ተረት ሴት ልጅን አርፈሽ ተቀመጪ፣ የሚያድንሽ ይመጣል እያለ ነው የሚያሳድጋት።»

እውነታው፦ ተረቱን የት ላይ እንዳቆምነው ይወሰናል። አደይ የነገሩን የእተዬ አዜብን ተረት ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. የአክሱም ሰዎች ስለ ንግሥተ ሳባ የሚያወሩት ብሎ አሳትሞታል። የአገሩ ሰው ዘንዶ ያመልክ ነበርና በየተራ የበኩር ሴት ልጁን ይገብር ነበር። ተራው የእተዬ አዜብ ቤተሰብ ሲሆን ልጅቱን ወስደው ዛፍ ላይ አሰሯት። ሰባቱ ቅዱሳን ከዛፉ ጥላ ሥር ሲያርፉ እንባዋ ጠብ አለባቸው፤ ቀና ብለው አዩአት፤ ዘንዶውንም በመስቀል ገደሉላት። (ቅዱሳኑ ከሰሎሞን ዘመን ከ1,400 ዓመት በላይ ቆይተው የመጡ መሆናቸው ተራኪውን ቅንጣት አላስጨነቀውም።) የዘንዶው ደም ተረከዟ ላይ ቢንጠባጠብ ተረከዟ የአህያ ሰኮና ሆነ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እስከዚህ ድረስ ልጅቱ ማልቀስ እንጂ ሌላ ሥራ አልሠራችም፤ ይህን አልክድም። ተረቱ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ወደ መንደሯ ስትመለስ እልል ብሎ የተቀበላት የለም። አምልጣ የመጣች መስሏቸው አባረሯት። እሷ ግን ይዛቸው ሄዳ የሞተውን ዘንዶ አሳየቻቸው፤ በላያቸውም ሾሟት። ተሹማ መጀመሪያ ያደረገችው እንደ እሷው ያለች አንዲት ልጃገረድ አማካሪ አድርጋ መሾም ነው። ሰሎሞን ዘንድ የሚፈውስ ነገር አለ ሲባል ሁለቱም ጸጉራቸውን እንደ ወንድ አድርገው፣ ሰይፍ ታጥቀው ተነሡ። ተረከዟም የተፈወሰው የንጉሡን ደጃፍ ስትረግጥ ነው፤ ንጉሡ ገና እጁንም አላነሳም።

ተረት፦ «የፈረንጆቹ ሲንደሬላና ጓደኞቿ ግን ከጥንትም ዝምተኞች ነበሩ።»

እውነታው፦ ጣሊያናዊው ባዚሌ ከሞተ በኋላ ከ1634 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሲንደሬላ፣ ስሟ ዜዞላ፣ እንጀራ እናቷን በሣጥን ክዳን አንገቷን ሰብራ ትገድላለች። ለልጆች ይነገር አልልም! ግን ዝምተኛ ማን ይላታል? ፈረንሳዊው ፔሮ በ1697 የቤተ መንግሥት ጨዋ አደረጋት። የጀርመኖቹ ወንድማማቾች ግሪም ከ1812 እስከ 1857 ድረስ ተረቶቻቸውን ደጋግመው ሲያርሙ የእሷ ንግግር እያነሰ ሄደ። ዲዝኒ ደግሞ በ1950 ፊልም አደረጋት። በመዋዕለ ሕፃናቱ መጽሐፍ ውስጥ ያለችው ልዕልት የዚህ ሁሉ እርማት ልጅ ናት።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሴቶች በዚህ ተሟግተዋል። አሊሰን ሉሪ በተረት ውስጥ ብልህና ደፋር ሴቶች ሞልተዋል አለች። ማርሻ ሊበርማን በ1972 መለሰችላት፦ ቢሞሉስ፣ ልጆች የሚያውቁት እነዚያን መች ነው? የሚያውቁት ተመርጠው ደጋግመው የታተሙትን ነው። እኔ ለሊበርማን እፈርዳለሁ።

ተረት፦ «የአንበሳው ጸጉር ተረት ሚስት ቻይ መሆን እንዳለባት ያስተምራል።»

እውነታው፦ ይህን ተረት ሽማግሌ ሆኖ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ ያልተጠቀመበት ጥቂት ነው። ሴትየዋ ለትዳሯ መድኃኒት ፍለጋ (በሌላ አተራረክ የእንጀራ ልጇን ፍቅር ፍለጋ) ትሄዳለች፤ ከአንበሳ ጸጉር አምጪ ትባላለች። ሥጋ ይዛ ትወጣለች። መጀመሪያ ከሩቅ ጣል አድርጋለት ትመለሳለች፤ በማግስቱ ትንሽ ቀረብ ትላለች፤ በመጨረሻ አጠገቡ ቆማ ጸጉሩን ትነቅላለች። ባልሽንም እንዲሁ አላምጂው ትባላለች። አስታራቂዎቻችን ከዚህ ሁሉ ያወጡት «ቻይው» የሚል ቃል ብቻ ነው። ቻይ ሴት ቤቷ ትቀመጣለች፤ ይህቺ ግን በየቀኑ አንበሳ ፊት ትቆማለች፣ ርቀቷን ትለካለች፣ የአውሬውን ጠባይ ታጠናለች። ባልየው ለምን ከአንበሳ ጋር እንደተመሳሰለ የሚጠይቅ ሽማግሌ ደግሞ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ተረት፦ «እንግዲያው የጥንቱ ሁሉ ለሴት የተመቸ ነበር፤ ያበላሸው ፈረንጅ ነው።»

እውነታው፦ እንዲህም አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግዕዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት ንግሥተ ሳባን፣ ማክዳን፣ ከነጋዴው ታምሪን የሰማችውን ጥበብ ፍለጋ በራሷ ፈቃድ ያስነሳታል፤ ረጅም ንግግርም ይሰጣታል። ኋላ ላይ ግን ከእንግዲህ ሴት አትንገሥ የሚል መሐላ አለ። ጥበብ ፈልጋ አገር ያቋረጠችው ንግሥት ዙፋኑን ለልጇ ለቅቃ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ይህን የዘጋው የራሳችን ብዕር ነው።

የልጃገረዶችን በዓል አሸንዳንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። መነሻውን አንዳንዶች ከእመቤታችን ዕርገት፣ ሌሎች በመጽሐፈ መሳፍንት ከተጻፈው ከዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ጋር ያያይዙታል። የዮፍታሔ ልጅ በአባቷ ስእለት የተሰጠች፣ ስሟ እንኳ ያልተጻፈ ልጅ ናት፤ የእስራኤል ልጃገረዶች በየዓመቱ አራት ቀን ያስቧት ነበር። የመቀሌ ልጃገረዶች ግን ከነሐሴ 16 ጀምሮ የአሸንዳውን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው መንገዱን ይሞሉታል። አላፊውን ያስቆማሉ፤ የሰጠውን ያሞግሳሉ፤ የሰሰተውን በግጥም ሸንቆጥ አድርገው ያልፋሉ። ማንም እስኪመጣ አይጠብቁም። «አሸንዳ ልጃገረዶች ለመታየት የሚወጡበት ነው» የሚለው ሰው ከበሮውን ማን እንደያዘው ልብ አላለም።

ወደዚያ ቡና ልመለስ። አደይ ዘንዶው ሲሞት ጨረስኩ ብለው ስኒያቸውን አነሱ። ልጅቷ እንደገና «ደሓርከ?» አለች። ስኒውን መልሰው አስቀመጡና እስከ ሰይፉ ድረስ ነገሯት።

እርስዎም ዘንድሮ አሸንዳ ሲደርስ ተረቱን ለልጅዎ ሲነግሩ፣ እባክዎ ዛፉ ሥር አያቁሙ።