ፎርማት የበላው የሚመስለው ኢሜይል

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ከሚገኙት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ጎራ የሚል ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግልኝ፤ ፋይሎቼ ግን እንዳይጠፉ አደራ።» ቴክኒሻኑም «አያስቡ ጋሼ፣ ዴስክቶፑንና ዶክዩመንቱን ኮፒ አደርግልዎታለሁ» ይላል፤ ቃሉንም ይጠብቃል። ፎቶው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሒሳብ ሠንጠረዡ ሁሉ ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። ጉድ የሚፈላው ደንበኛው ቤቱ ገብቶ የኢሜይል ፕሮግራሙን ሲከፍት ነው። የዓመታት ደብዳቤ የሞላበት ሳጥን ባዶ ሆኖ፣ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ እንግዳ አድራሻውን ይጠይቀዋል።

ብዙ ኢሜይል የሚጠፋው እንግዲህ ኮምፒውተሩ በተበላሸ ጊዜ ሳይሆን እዚያች ባንኮኒ ላይ ነው። «ፋይሎቼ» ሲባል ሁለቱም የሚያስቡት ዓይን የሚያየውን ነው። ደብዳቤውን ግን ፕሮግራሙ በራሱ ማኅደር ያኖረዋል፤ ማኅደሩም ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ከተጠቃሚው በሚደብቀው «አፕዳታ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው።

ከማኅደሮቹ ጋር እንተዋወቅ። አውትሉክ ደብዳቤውን ብዙ ጊዜ ፒኤስቲ በሚባል አንድ ፋይል ያጭቃል። ከ2010ሩ እትም (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ይህ ፋይል ዶክዩመንት ውስጥ መቀመጥ ስለጀመረ አንዳንዱ ሳያውቀው ይተርፋል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት እትሞች ግን አፕዳታ ውስጥ ነበር የሚደብቁት። ተንደርበርድ በአንጻሩ ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አለው፤ ሁሉንም «ፕሮፋይል» በሚባል ፎልደር ይሰበስባቸዋል። ለእኔ ምርጫው ይኸኛው ነው፤ ፋይሉ ቢጎዳ እንኳ በኖትፓድ ከፍቶ የተረፈውን መልቀም ይቻላል።

ዛሬ ደብዳቤን በስልክና በድረ ገጽ የሚያነብ ወጣት ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስጨንቅ ላይገባው ይችላል። በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነበር፤ መስመሩም በስልክ የሚደወልና ደቂቃ የሚቆጥር። ስለዚህ ሰው ይደውላል፣ ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል፣ መስመሩን ይዘጋል። ፖፕ የሚባለው አሠራር ለዚህ የተመቸ ነበር፤ ችግሩ ካወረደ በኋላ «ቅጂ ይቀመጥ» ካልተባለ በስተቀር ሰርቨር ላይ ያለውን ማጥፋቱ ነው። የጎንደር ሐኪሞች ከእንግሊዟ ሌስተር ሆስፒታሎች ጋር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ የጀመረ ትስስር አላቸው፤ የዚያን ዘመን መጻጻፍ በፖፕ ያወረደ ሰው ያለው ቅጂ ያችው ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለችው ብቻ ናት። አይማፕ ግን ዋናውን ሰርቨር ላይ ትቶ ግልባጩን ብቻ ያመጣል፤ አድራሻና የይለፍ ቃል ሲገባ ሁሉም ተመልሶ ይወርዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የወረደ ደብዳቤ የነበረው ሰው የድሮውን አሠራር ጥቅም ሳያየው አልቀረም።

ወደ ባዶው ሳጥን እንመለስ። መጀመሪያ የሚጣራው ዲስኩ በእርግጥ ተጠርጎ እንደሆነ ነው። ዊንዶውስ ዲስኩ ሳይጠረግ በላዩ ከተጫነ የቀድሞውን ይዘት «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚል ፎልደር ያስቀምጣል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ይህ ፎልደር ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ሊጠፋ ስለሚችል «እሑድ አየዋለሁ» ማለት አያዋጣም። የድሮው አፕዳታ እዚያ ውስጥ ካለ የተንደርበርድን ፕሮፋይል ወይም ፒኤስቲውን አውጥቶ መጀመሪያ ሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ነው። ተንደርበርድ አሮጌው ፕሮፋይል አጠገቡ እያለ እንኳ በአዲስ ጭነት አዲስ ባዶ ፕሮፋይል ሊከፍት ይችላል፤ ከፕሮፋይሎች ዝርዝር የቀድሞውን ሲመርጡለት ደብዳቤው ቁጭ ብሎ ይገኛል። አውትሉክም ቢሆን ፋይሉን «ክፈት» ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው። መብራት ድንገት ሄዶ ፋይሉ የተጎዳ ከሆነ አብሮት የሚመጣ የፒኤስቲ መጠገኛ አለው። የተንደርበርድ ማውጫ ቢበላሽ ደግሞ ማውጫውን ብቻ ማጥፋት ነው፤ ከደብዳቤው ፋይል አንብቦ ራሱ መልሶ ይሠራዋል።

የይለፍ ቃል ከማስገባት በፊት አንድ ነገር፦ የተመለሰው የአይማፕ ግልባጭ ከሆነና አድራሻው ሰርቨሩ ላይ ባዶ ሆኖ ከጠበቀ፣ ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር ሲስማማ ኮምፒውተሩንም ባዶ ያደርገዋል። ዋይፋዩን አጥፍቶ መክፈት፣ ደብዳቤዎቹንም ወደ ኮምፒውተሩ የራሱ ፎልደር ማዛወር ይቅደም።

ዲስኩ ከተጠረገስ? የሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ፈጣን ፎርማት ሲደረግ የሚያጣው መዝገቡን እንጂ ይዘቱን አይደለም፤ አዲስ ነገር እስኪጻፍበት የማዳኛ ፕሮግራም ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ማጥፋት፣ ዲስኩን ነቅሎ ከሌላ ማሽን ጋር ማያያዝ ይገባል፤ የማዳኛውን ፕሮግራም እዚያው ዲስክ ላይ መጫን ግን የሚፈለገውን በገዛ እጅ መደምሰስ ነው። ኤስኤስዲ ላይ ተስፋው ጠባብ ነው፤ የተለቀቀውን ቦታ ብዙም ሳይቆይ ራሱ ያጸዳዋልና።

ደብዳቤው ተገኝቶም የማይነበብበት ጊዜ አለ፤ ይህ የእኛው የአማርኛ ጸሐፊዎች ጣጣ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስ የራሱን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። በዚያ መካከልና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ ተጽፏል። እነዚህ በድሮ አሠራራቸው የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ቦታ ወስደው የአማርኛ መልክ የሚሰጡ ናቸው። ፎርማት የተደረገው ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስለሌለ ደብዳቤው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል፤ ባለቤቱም ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ሊያጠፋው ይነሣል። የድሮው ፎንት ሲጫን፣ ደብዳቤው የፎንቱን ስም ይዞ የተላከ ከሆነ፣ አማርኛው ተመልሶ ይቆማል። ዩኒኮድ ደብዳቤም በኖትፓድ ሲከፈት ለጉዞ እንደተጠቀለለ ስለሚታይ ትርጉም የሌለው የፊደል ጅረት ይመስላል፤ ወደ ተንደርበርድ ሲመለስ ግን ይነበባል።

ፎንቱ ተጭኖ የተነበበውን አሮጌ ደብዳቤ በዛሬው የአማርኛ ኪቦርድ ቃል ጽፎ መፈለግ ግን አይቻልም፤ ዓይን «ጎንደር» ብሎ የሚያነበውን ማሽኑ የሚያውቀው በላቲን ምልክት ነው። የሚያዋጣው በላኪው አድራሻ ወይም በተላከበት ቀን መፈለግ ነው።