«ርቀት»፥ «የበረራ ሰዓት»፥ «የጉዞ ጊዜ»

በሞጆ ደረቅ ወደብ ለቆመ የጭነት መኪና ሾፌር «ጅቡቲ ምን ያህል ይርቃል?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብለት «የሁለት ቀን መንገድ ነው» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ጥያቄው ስለ ቦታ ነው፤ መልሱ ግን ስለ ጊዜ። ይህም ስሕተት አይደለም። «የአንድ ቀን መንገድ»፥ «የግማሽ ቀን መንገድ» ማለት ጉዞ ሁሉ በእግርና በበቅሎ ከነበረበት ዘመን የወረስነው የቋንቋችን ልማድ ነው። ዛሬ ግን ሰውም ዕቃም በመኪና፥ በባቡርና በአውሮፕላን ስለሚጓዝ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

«ርቀት» «ራቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ሲሆን የግሡ የግዕዝ አቻ «ርሕቀ» ነው። በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን መራራቅ ያመለክታል። ነገር ግን መራራቁ የተለካበት መስመር ካልተጠቀሰ ቃሉ ብቻውን አይበቃም። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጅቡቲ አምቡሊ ቀጥታው የአየር ርቀት 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሞጆና በአዳማ በኩል የሚያልፈውና በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የባቡር ሐዲድ ከሰበታ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል የሚወስደው የመኪና መንገድ ደግሞ ከ800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ «የአየር ርቀት»፥ «የሐዲድ ርቀት»፥ «የመንገድ ርቀት» እየተባለ እንዲለይ እናሳስባለን።

ይበልጥ የሚያሻማው «ሰዓት» ነው። ቃሉ የቀኑን ወቅትም የ60 ደቂቃን ልክም ይገልጻል። «በረራው 2 ሰዓት ነው» ሲባል አንዱ ሰሚ «በ2 ሰዓት ይነሣል»፥ ሌላው «ሁለት ሰዓት ይፈጃል» ብሎ ይረዳል። በትኬቱ ላይ የተጻፈው 8፡00 በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 ሰዓት መሆኑ ሲጨመርበት፥ መንገደኛው አውሮፕላኑ ሊያመልጠው ይችላል።

የበረራ ጊዜና የጉዞ ጊዜም አንድ አይደሉም። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ የአየር ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ሲሄዱም ሲመለሱም ያው ነው። ሆኖም ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ጭነት ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበርም ነፋስ ከፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ ሲሄድ በመካከል አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን ሳያርፍ ይመጣል። ዋሽንግተንም እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ስለምትቀር፥ የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው በመቀነስ ብቻ ጊዜውን ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ የሚከተለውን አፈታት እናቀርባለን፦

የበረራ ሰዓት፦ አውሮፕላኑ የሚነሣበት የቀን ወይም የሌሊት ወቅት።

የበረራ ጊዜ፦ አውሮፕላኑ ከመሬት ከተነሣ ጀምሮ እስኪያርፍ በአየር ላይ የሚቆይበት ልክ።

የጉዞ ጊዜ፦ መንገደኛው ወይም ዕቃው ከመነሻው እስከ መጨረሻ መድረሻው፥ በመካከል የቆመበት ሳይቀር፥ የሚፈጀው ጊዜ ጠቅላላ።

በመልቲሞዳል ሥርዓት በአንድ የጭነት ሰነድ ወደ ሞጆ የተላከ ዕቃ የጉዞ ጊዜው የሚያበቃው መርከቡ ጅቡቲ ሲደርስ ሳይሆን ዕቃው ሞጆ ሲገባ ነው። «ወደብ» ራሱ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ሞጆ ድረስ ሲመጣ ትርጉሙ ያልተዛባው «ደረቅ» የሚል ገላጭ ስለ ተጨመረለት ነው። «ርቀት»ና «ጊዜ»ም እንዲሁ ገላጭ ሊጨመርላቸው ይገባል።