መርፊ፦ ብዙ አባት ያለው አንድ ስም

በአየርላንድ እንደ መርፊ የበዛ የቤተሰብ ስም የለም። መብዛቱ ግን አልጠቀመውም፤ ሰው ተራ ስም አድርጎት ታሪኩን ሳይጠይቅ ያልፈዋል። ቢነሳ ለኤዲ መርፊ ነው፣ አለዚያም ነገር ሲበላሽ ለሚጠቀሰው «የመርፊ ሕግ»። ከአየርላንድ ስሞች ይህን ያህል ታሪክ ተሸክሞ ይህን ያህል የተናቀ ያለ አይመስለኝም።

መነሻው ሙርኻድ የሚባል የወንድ መጠሪያ ነው፤ «የባሕር ተዋጊ» እንደማለት። ከፊቱ «ማክ» ሲገባ የሙርኻድ ልጅ፣ «ኦ» ሲገባ የልጅ ልጁ ወይም ዘሩ ይሆናል። የሴቷ ይለያል፤ ወንድሟ ኦ ሙርኹ ቢባል እሷ ኒ ቩርኹ ናት። በአይሪሽ ቋንቋ ዛሬም እንዲሁ ይጻፋል።

ለእኛ ነገሩ አያስቸግርም። አየርላንዳውያንም ድሮ እንደኛው በአባት ስም ይጠሩ ነበር፤ ትውልድ ሲቀየር ስሙም ይቀየራል። ከአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ግን የአንድ ሰው ስም እዚያው ረግቶ የዘሩ ሁሉ መጠሪያ እየሆነ መጣ። የሌንስተሩን ንጉሥ ዲርሚድ ማክ ሙርኻድን ያየ ይረዳዋል። ስሙ «የሙርኻድ ልጅ» ቢልም አባቱ ዶንኻድ ነው፤ ሙርኻድ አያቱ ነበር። ይህ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1166 ከግዛቱ ተባርሮ የእንግሊዙን ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪን ደጅ ጠና። በ1169 የኖርማን ወታደሮች በዌክስፎርድ ዳርቻ ወረዱ፤ በዓመቱ ልጁን ኢፋን ስትሮንግቦ ለተባለው መሪያቸው ዳረለት። እንግሊዝን ወደ አገራችን የጠራ ሰው ተብሎ እስከ ዛሬ ይወገዛል።

ታዲያ መርፊ የተባለ ሁሉ የእሱ ወገን ነው? ብዙዎች እንደዚያ ያምናሉ፤ «መርፊ ሁሉ የአንድ ሰው ዘር ነው» ሲሉ እሰማለሁ። አይደለም። ሙርኻድ በዘመኑ የተወደደ ስም ነበር፤ በ1014 በክሎንታርፍ ጦርነት የወደቀው የንጉሥ ብራያን ቦሩ ልጅም ሙርኻድ ይባላል። እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ ሙርኻዶች በየአካባቢያቸው ዘር ተክተዋል። በደቡብ ምሥራቅ፣ በዌክስፎርድ የነበሩት ኦ ሙርኻዶች የንጉሥ ዲርሚድ ወገኖች ናቸው። በሰሜን፣ በታይሮን የነበሩት ግን ማክ ሙርኻዶች ናቸው፤ ሐረጋቸውም ሌላ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአገሬው ባላባቶች ሥልጣን ሲወድቅ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ጆሮው እንደሰማው መዘገበ፤ «ኦ»ውም «ማክ»ውም ተቆረጠና ሁሉም መርፊ ሆኖ ቁጭ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የአገሩ ቋንቋ ሲያንሰራራ ብዙ ሱሊቫኖች ኦሱሊቫን ብለው ስማቸውን ሲመልሱ፣ መርፊዎች ግን አብዛኞቹ እንደተቆረጡ ቀሩ።

አንድ አሜሪካዊ ወዳጄ ከደብሊን የገዛውን የቡና ኩባያ በኩራት አሳይቶኛል። ጋሻ ተስሎበታል፤ መደቡ በአራት ተከፍሎ ብርማና ቀይ፣ በየማዕዘኑ በኋላ እግሩ የቆመ አንበሳ፣ መሃሉን በሚያቋርጠው ጥቁር መቀነት ላይ ሦስት የስንዴ ነዶ። ከሥሩ «መርፊ» ይላል። «የቤታችን አርማ» አለኝ። አያቶቹ ከየትኛው አውራጃ እንደተነሱ ስጠይቀው «ከአየርላንድ» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም። እንዲህ ያለ አርማ የሚሰጠው ለሰውና ለዘሩ ነው እንጂ ለስም አይደለም። ባለሱቆቹ ይህን ሳይናገሩ መሸጣቸው ያናድደኛል። ገዢዎቹም ኩባያውን ትተው የአያታቸውን አጥቢያ ቢፈልጉ ይሻላቸው ነበር። በ1922 በእርስ በርሱ ጦርነት የደብሊኑ መዝገብ ቤት ስለተቃጠለ ፍለጋው ቀላል አይደለም፤ የ1901 እና የ1911 የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ግን ተርፈዋል፣ በኢንተርኔትም ያለ ክፍያ ይታያሉ።

ስሙ ከሰው አልፎ ዕቃም ሆኗል። በኮርክ ከተማ በ1856 የተመሠረተ የመርፊ ጠቆር ያለ ቢራ አለ፤ በእንግሊዝኛ የመንደር አነጋገር ድንች «መርፊ» ተብሏል፤ ወደ ግድግዳ የሚታጠፈው አልጋም የሚጠራው በሳን ፍራንሲስኮው ዊልያም መርፊ ነው።

ከሁሉም የተበደለው ሕጉ ነው። በ1949 በካሊፎርኒያ፣ በኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሰፈር፣ ጆን ስታፕ የተባለ ሐኪም በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ላይ ራሱ እየተቀመጠ የሰው ገላ ድንገተኛ መቆምን ምን ያህል እንደሚችል ይፈትን ነበር። ኢንጂነሩ ኤድዋርድ መርፊ ያመጣቸው መለኪያዎች ሽቦአቸው ተገልብጦ ስለተገጠመ ምንም ሳይመዘግቡ ቀሩ። ከዚያ የተወለደው ሐሳብ ስለ መጥፎ ዕድል አይናገርም። ተገልብጦ ሊገጠም የሚችል ነገር አንድ ቀን ተገልብጦ መገጠሙ አይቀርምና፣ ከመነሻው ተገልብጦ እንዳይገባ አድርገህ ሥራው ይላል። ታክሲ ባመለጣችሁ ቁጥር «የመርፊ ሕግ» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉት።

ለእኛ የሚቀርበን መርፊ ግን ደርቭላ ናት። ይህች ደፋር ጸሐፊ በ1966 መገባደጃ ወደ ኢትዮጵያ መጥታ የሰሜንን ተራሮች በእግሯ አቋርጣለች፤ ጓዟን የጫነችው ጆክ ብላ በሰየመችው በቅሎ ነበር። ጉዞዋን የተረከችበት መጽሐፍ በ1968 ወጣ። የተወለደችውም በ2022 ያረፈችውም በዋተርፎርድ አውራጃ፣ በሊዝሞር ነው። ሊዝሞር ደግሞ መርፊዎች እጅግ ከበዙበት ከኮርክ ጋር ይጎራበታል፤ የአካባቢው መርፊዎች ልጅ ናት ብሎ ማለፍ አይከብድም። ወላጆቿ ግን አባቷ የአውራጃው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በመሆኑ ከደብሊን የመጡ ናቸው። የእሷን ሐረግ መቁጠር የሚሻ ከሊዝሞር ሳይሆን ከደብሊን ይጀምር።