ወፏ ከመነሳቷ በፊት

በሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አባ ኮዳን ፎቶ ለማንሳት ስልክ ይበቃል። ራሰ በራው ወፍ ከዓሣ የሚጣለውን አንጀት ሲጠብቅ እንደ ነባር ደንበኛ በሰው መሃል ይመላለሳል፤ እስከ ሁለት እርምጃ ድረስ ቢቀርቡትም ግድ የለውም። ከገበያው ወጣ ብሎ ቄጠማው ውስጥ የቆመች ሳቢሳ ግን ገና ሩቅ ሳሉ ክንፏን ዘርግታ ትሄዳለች። ሐይቁ ያው ነው፣ ሰዉም ያው ነው። የተለያየው ሁለቱ ወፎች ስለ ሰው የሚያወጡት ስሌት ነው፤ የውኃ ወፎችን በካሜራ መያዝ የሚፈልግ ሰው ከሌንስ ዋጋ በፊት ማወቅ ያለበትም ይህንኑ ስሌት ይመስለኛል።

አጥኚዎች የመሸሻ ርቀት የሚሉት ነገር አለ፦ ወፏ የሚቀርባትን ሰው ሸሽታ ስትነሳ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት። ከዝርያ ዝርያ፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በጥቅሉ ትልልቆቹ ወፎች ከትንንሾቹ ቀድመው ይነሳሉ፤ ሰው የለመዱት ደግሞ ካልለመዱት ዘግይተው። መብረር ጉልበት ይፈጃል፣ ምግብም ያስጥላል። መቆየት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ወፏ ሁለቱን እያመዛዘነች ነው የምትቆመው። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ለሚመጡት እንግዶች ሒሳቡ የበለጠ ይከብዳል፤ በየካቲትና በመጋቢት ለመልስ ጉዞ ስብ የሚያጠራቅሙበት ጊዜ ስለሆነ ያለ በቂ ምክንያት ባስነሳናቸው ቁጥር ከስንቃቸው ይቀነሳል።

የአብዛኞቹ የውኃ ወፎች ዓይኖች ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያቸውን በሰፊው ያያሉ፤ ከኋላ ተደብቆ መቅረብ ብዙም አያዋጣም። ቀለም የሚለዩት የዓይናቸው ሴሎች አራት ዓይነት ናቸው፣ የእኛ ሦስት። ብዙዎቹ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ጭምር ያያሉ። ስለዚህ በውድ ዋጋ በሚሸጠው ዥንጉርጉር ጃኬት እኔ ብዙም እምነት የለኝም። የሚያስበረግጋቸው ከቀለሙ ይልቅ እንቅስቃሴውና የቆመ ሰው ቅርጽ ነው። ቀጥ ብሎ የሚመጣ አዳኝ ይመስላቸዋል፤ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚያልፍ መንገደኛ ሰያፍ እየሄደ፣ እየቆመ፣ ዓይኑን ሳይተክል የሚጠጋውን ግን ይታገሡታል። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ወይም ወፎቹ በለመዱት የዓሣ አጥማጅ ጀልባ የመጣ ሰውም ከእግረኛ የተሻለ ይቀርባል። እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ወፍ ፎቶ ለማንሳት ውስጡ ክፍት የሆነ የበሬ ምስል አሠርተው ሆዱ ውስጥ ይገቡ ነበር። ያስቃል፤ ሆኖም በሐይቅ ዳር ከብት ሲግጥ ወፎቹ ዞር ብለው እንኳ እንደማያዩት የተመለከተ ሰው ሐሳቡን አይንቀውም።

ወፏ በድንገት አትነሳም። መጀመሪያ መልቀሟን ታቆማለች። ከዚያ አንገቷን ታቀናለች፣ ላባዋን ወደ ሰውነቷ ታጣብቃለች። መቆም የሚያስፈልገው አንገቷ በቀናበት ቅጽበት ነው። ፎቶ አንሺው ባለበት ደርቆ ከጠበቀ ብዙ ጊዜ ወደ ምግቧ ትመለሳለች፤ አንድ እርምጃ ከጨመረ የሚተርፈው የጅራቷ ፎቶ ነው።

ብርሃኑ ደግሞ አይጠብቅም። በውጭ አገር የተጻፉ የፎቶ መማሪያዎች ከንጋት በኋላ ያለውን ለስላሳ ብርሃን ሲያወድሱ የሚጽፉት ለራሳቸው ሰማይ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብቅ ካለች 1 ሰዓት ተኩል ላይ 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላለች። ለንደን ላይ በመጋቢት ወይም በመስከረም ወር ሰያፍ የምትወጣው ፀሐይ እዚያው ከፍታ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅባታል። ለእኛ ፎቶ አንሺ ቁርስ በኋላ ይደርሳል።

ካሜራውን በየትኛው ከፍታ ላይ መያዝ እንደሚገባ የሚወስነውም ውኃው ነው። ብርሃን ውኃን በቀጥታ ከላይ ሲመታው የሚንጸባረቀው 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ወደ አግድም እየተጠጋ ሲሄድ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመለሳል። ቆመው ወደ ታች ካነሱ ጭቃውንና አረሙን ያያሉ። በደረት ተኝተው ከወፏ ዓይን ትይዩ ካነሱ ግን ውኃው ሰማዩንና የማዶውን ዳርቻ ያሳያል፣ ከወፏ ጀርባ ያለው ነገርም ሩቅ ስለሚሆን ደብዝዞ ይለሰልሳል። ተንበርክኮ ያነሳ ሰው መካከል ላይ ቀርቷል።

የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ሁሉ አማካዩ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። በጠቆረ ውኃ ላይ የቆመች ነጭ ሳቢሳ ስትገጥመው ፍሬሙ ጨለማ ይመስለውና ብርሃን ይጨምራል፤ ነጩ ላባ ዝርዝሩን ያጣል፣ በኋላ በኮምፒውተርም አይመለስም። በዚህ ጊዜ መለኪያውን አንድ ደረጃ መቀነስ ይበጃል። ፍሬሙን የሞላ የፔሊካን መንጋ ከሆነ ግን ተቃራኒው ይሠራል፤ ካሜራው ነጩን ወደ ግራጫ ስለሚጎትተው መጨመር ነው።

ስለ ፍጥነት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤቲየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1882 በሴኮንድ 12 ምስል የሚያነሳ የፎቶ ጠመንጃ ሠርቶ የወፎችን በረራ ቆራርጦ አሳይቷል፤ የዛሬው ካሜራ ያንን ያለ ጭንቀት ይበልጠዋል። በሴኮንድ 1/2000ኛ የሚከፈት ሻተር አብዛኛውን በረራ ያስቆማል።

ገንዘብ የማይፈታው የአየሩ ነገር ነው። ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ብርሃንን እኩል አያጥፉም። ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ የጋለ አሸዋ ወይም ጭቃ የሚለቀው ሞቃት አየር ከላዩ ካለው ጋር ሲተራመስ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ረጅሙ ሌንስ ወፏን ሲያጎላ ይህንኑ መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል። አብጃታ ላይ ችግሩ ጎልቶ ይታያል። የሐይቁ ውኃ ባለፉት አሥርት ዓመታት ሸሽቶ ዳርቻው ወደ ውስጥ ስለገባ ፍላሚንጎዎቹ የሚታዩት ከሰፊ ባዶ ሜዳ ማዶ ነው፣ ጨዋማው መሬት ደግሞ ከላይ ደርቆ ከሥር ረግረግ ስለሚሆን መኪና አይታመንበትም። እዚህ ያለው ብቸኛ መፍትሔ ማልዶ መድረስና ርቀቱን ተቀብሎ መንጋውን ከነመልክዓ ምድሩ ማንሳት ነው።

እዚያ የሚያናድደኝ አንድ ልማድ አለ፦ ሮዝ ክንፎች በሰማይ እንዲታዩ ሲባል ወደ መንጋው መሮጥ ወይም ድሮን መስደድ። ትንሿ ፍላሚንጎ አንገቷን ዘቅዝቃ፣ በምንቃሯ ውኃውን እያጣራች ስፒሩሊና የሚባለውን ደቃቅ የውኃ ሕይወት ትለቅማለች። ጉልበቷም ሮዝ ቀለሟም የሚመጣው ከዚያው ምግብ ነው። ያስነሳት ሰው ለፎቶ ያደነቀውን ነገር ነው የቀነሰባት።

አንዳንድ ወፍ ግን በጭራሽ ሊቀርቡት የማይገባ ነው። ከአዲስ ዓለም አቅራቢያ ባለው የበርጋ ጨፌ በሐምሌና በነሐሴ ሳሩ ውስጥ የምትፈለፍል፣ ሳይንሳዊ ስሟ ሳሮትሩራ አይረሲ የሆነች ትንሽ ነጭ ክንፍ ወፍ አለች፤ በዓለም ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ ናት። ከመብረር ይልቅ በሳሩ መካከል መሹለክ ስለምትመርጥ እሷን ለማየት ሰዎች ተሰልፈው ጨፌውን መርገጥ ነበረባቸው፤ ይህ ደግሞ ጎጆና ጫጩት ያለበትን መሬት መርገጥ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚድልፑንት በተባለው ረግረግ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ መረጡ። ወፏ የምታልፍባቸው ቦታዎች ላይ ከአካባቢው የተለየ የሰውነት ሙቀት ሲያልፍ ራሳቸው የሚያነሱ ካሜራዎችን ተክለው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ውጤት ወፏ እዚያም እንደምትፈለፍል አረጋገጠ፤ እስከዚያ ድረስ በእርግጠኝነት የምትራባው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ እንደሆነ ነበር የሚታወቀው። ምስሎቹ ለፎቶ ኤግዚቢሽን አይበቁም፤ ለሳይንስ ግን የዝርያዋን ታሪክ አስለውጠዋል።

ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ፎቶ ይዞ የሚመለስ ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ስልክና አንዳንድ ካሜራ በእያንዳንዱ ምስል ፋይል ውስጥ የቦታውን መጋጠሚያ በሜትሮች ልዩነት ይመዘግባሉ። ብርቅ የሆነ ወፍ ጎጆ ከሆነ ፋይሉን ለማንም ከመላክ በፊት ያንን መረጃ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ በስልክ ማስተካከያ ውስጥ የካሜራውን የቦታ ፈቃድ መዝጋት ደግሞ ከመውጣት በፊት የሚደረግ ነው።