አንድ ፖኬሞን፣ ሁለት ሕግ

በፖኬሞን ካርቱን 5ኛ ክፍል ላይ አሽ የሚባለው የ10 ዓመት ልጅ ከብሮክ ጋር ይገጥማል። የብሮክ ኦኒክስ ከራሱ እስከ ጅራቱ ድንጋይ ነው፤ የአሽ ፒካቹ ደግሞ ያለው መሣሪያ መብረቅ ብቻ። ጌሙን የተጫወተ ልጅ ሁሉ ውጤቱን ግጥሚያው ሳይጀመር ያውቀዋል። ኦኒክስ ከድንጋይነቱ በተጨማሪ የመሬት ወገን ስለሆነ ኤሌክትሪክ አይነካውም፤ የሚደርስበት ጉዳት ዜሮ ነው። ካርቱኑ ላይ ግን የፒካቹ መብረቅ እሳት ያስነሳል፣ የጣሪያው ውኃ መርጫ ይከፈታል፣ ኦኒክስም በስብሶ ይንበረከካል። አሽ ሊጥለው ሲል የብሮክ ትንንሽ ወንድሞችና እኅቶች እግሩ ላይ ተጠምጥመው ይለምኑታል። ልጁ ይራራና ትቶ ይወጣል። ብሮክ ተከትሎት ሄዶ የአሸናፊነቱን ባጅ ይሰጠዋል።

ጌሙ ላይ ለርኅራኄ የሚሰጥ ባጅ የለም። ከዚያ ወዲህ በፖኬሞን ወዳጆች መካከል የተነሣው ጠብና ፍቅር አብዛኛው ከዚህች ልዩነት ይመዘዛል። ጌሙ የሚከፍለው ለትዕግሥትና ለስሌት ነው፤ ካርቱኑ የሚከፍለው ለልብ ነው፤ ያውም ሲፈልግ ብቻ። ወዳጁ ሁለቱንም ይወዳል፣ አንዱን ግን በሌላው ሕግ ይዳኘዋል።

ነገሩን ከመነሻው ማየት ይሻላል (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጌሙን የፀነሰው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ቶኪዮ ዳርቻ ማቺዳ ውስጥ ነፍሳት ሲለቅም ያደገ ሰው ነው። «ጌም ፍሪክ» መጀመሪያ ኩባንያ አልነበረም፤ ታጂሪ በ1983 ስለ ቪዲዮ ጌም እያዘጋጀ ይሸጣት የነበረች ትንሽ መጽሔት ስም ነው። በኋላ የፖኬሞንን መልክ የሳለው ኬን ሱጊሞሪ ያን ጊዜ የመጽሔቷ ሠዓሊ ሆኖ ተጠጋው። ስለዚህ ፖኬሞን ራሱ የጌም ወዳጆች ሥራ ነው ማለት ይቻላል፤ ወዳጆቹ ዛሬ «ከኛ በላይ የሚያውቀው የለም» ባይነት ቢያበዙ ከባለቤቶቹ የወረሱት ነው።

«ፖኬት ሞንስተርስ» ቀዩና አረንጓዴው በጃፓን የወጡት የካቲት 27 ቀን 1996 ሲሆን፣ መጫወቻው ጌም ቦይ ያኔ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ አሮጌ ዕቃ ነበር። ብልሃቱ ሁለቱ ጌሞች ሆን ተብለው ጎደሎ መደረጋቸው ነው። ኤካንስ የሚባለው እባብ ቀዩ ላይ ብቻ ይገኛል፣ ሳንድሽሩ ደግሞ አረንጓዴው ላይ። ሀውንተርና ካዳብራ የመጨረሻ መልካቸውን የሚይዙት በገመድ ወደ ሌላ ሰው ጌም ቦይ ሲተላለፉ ነው። ብቻውን የሚጫወት ልጅ፣ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ስብስቡን አይሞላም። የወዳጆቹ ማኅበር ከጌሙ በኋላ የተፈጠረ ሳይሆን ጌሙ ውስጥ አብሮ የተሠራ ነው።

ወሬ ደግሞ ከገመዱ በላይ ሠራ። ፕሮግራመሩ ሺጌኪ ሞሪሞቶ ሥራው ሊያልቅ ሲል ሚው የተባለች 151ኛ ፍጡር በስውር ጨመረ። «ኮሮኮሮ» የተባለው የልጆች መጽሔት ሚውን ለ20 አንባቢዎች በዕጣ እሰጣለሁ ሲል ወደ 78 ሺህ የሚጠጋ ሰው አመለከተ። አሜሪካ ሲደርስ ታሪኩ ሌላ መልክ ያዘ። ኤስ ኤስ አን የምትባለው መርከብ የቆመችበት ወደብ ጎን አንድ ጭነት መኪና ቆሟል። ጌሙ ውስጥ ሌላ መኪና በየትም አይታይም፤ እሱም ዘንድ የሚደረሰው በውኃ ላይ ተንሳፍፎ ነው። እዚያ የሚደርሰው ልጅ መርከቧ እንዳትሄድበት ብዙ ዘዴ መፍጠር አለበት። ልጆቹም «መኪናውን የገፋ ሚውን ከሥሩ ያገኛል» ተባባሉ። መኪናው አይገፋም፣ ሥሩም ምንም የለም። በ2003 ግን ያለምንም ማጭበርበሪያ መሣሪያ ሚውን የሚያስገኝ የፕሮግራም ስሕተት በእርግጥ ተገኘ፤ ከመኪናው ጋር ባይገናኝም ለዓመታት «ውሸታም» ሲባሉ ለኖሩት ግማሽ ካሳ ነበር።

ካርቱኑ ሚያዝያ 1 ቀን 1997 በቲቪ ቶኪዮ ጀመረ። ዳይሬክተሩ ኩኒሂኮ ዩያማ፣ ዋናው ጸሐፊ ታኬሺ ሹዶ፣ የፒካቹ ድምፅ ደግሞ ኢኩዌ ኦታኒ ነበሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 16 የተላለፈው ክፍል ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት ሲያፈራርቅ 685 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ሆስፒታል ተወሰዱ። ስርጭቱ ለአራት ወራት ተቋረጠ። ወዳጆቹ እስከ ዛሬ የሚቆጩበት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብርሃኑን ያፈነዳው ፒካቹ ሆኖ ሳለ ከካርቱኑ የተሰደደው የክፍሉ እንግዳ ፖሪጎን ነው። ፒካቹን ዝናው ከጥፋቱ አዳነው ይላሉ፤ ፍርዳቸው ትክክል ይመስለኛል።

የካርቱኑ ዝና ጌሙን ራሱን አስጎነበሰው። በ1998 የወጣው ቢጫው ጌም ተጫዋቹን በፒካቹ ያስጀምራል፤ ፒካቹም እንደ ካርቱኑ ኳስ ውስጥ አልገባም ብሎ ከኋላ ይከተላል። ሕጉ ግን ንቅንቅ አላለም። ካርቱኑን አይቶ የመጣ ልጅ ብሮክ ፊት ሲቆም መብረቁ ኦኒክስ ላይ ምንም አይሠራም፤ ውኃ መርጫም የለም። ልጁ ወደ ጫካው ተመልሶ አባጨጓሬ ያሳድጋል፣ ወይም አዘጋጆቹ ለዚሁ ሲሉ ያስቀመጡለትን ተደባዳቢ ዝንጀሮ ማንኪን ይይዛል። ሁለቱ ሕጎች ፊት ለፊት የተያዩበት ከዚህ የጠራ ቦታ አላውቅም።

ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ፎርኪድስ የተባለው ኩባንያ የብሮክን የሩዝ ድቡልቡል «ማርማላት ያለበት ዶናት» ብሎ ሲያልፈው ወዳጆቹ ሳቁ፤ ዛሬም ይስቃሉ። በ2006 ዋና የድምፅ ተዋንያኑ ሲቀየሩና አሽን ስትናገር የኖረችው ቬሮኒካ ቴይለር ስትሄድ ግን የሳቀ አልነበረም፤ ፊርማ እስከ ማሰባሰብ ተደረሰ።

ትልቁ ቁስል የዋንጫ ጉዳይ ነው። ጌሙን የሚጫወት ልጅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሻምፒዮን ይሆናል። አሽ 10 ዓመቱ ላይ ቆሞ በየሀገሩ ሊግ ገባ፣ በየሀገሩ ወደቀ። መጀመሪያው ሊግ ላይ ቻሪዛርዱ አልታዘዝም ብሎ መድረኩ ላይ ተጋድሞ አሰናበተው። ሲኖ በተባለው ሀገር ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ ማንም የማይገፋቸውን ዳርክራይና ላቲዮስን ያሰለፈ ሰው ገጠመው። ዩኖቫ ላይ ደግሞ ስድስት ፖኬሞን ማሰለፍ ሲገባው አምስት ብቻ ይዞ በመጣ ዝርክርክ ተጋጣሚ ሩብ ፍጻሜ ላይ ተሸነፈ። የኦሬንጅ ደሴቶቹን ድሉን ቆጥሮ የሚያጽናናው አይጠፋም፤ ያ ግን ለወዳጆቹ የወዳጅነት ጨዋታ ዋንጫ ያህል ነበር።

ከዚያ ካሎስ መጣ። ሥዕሉ ያማረ፣ ትግሉ የጦፈ፣ አሽም እንደ አዋቂ የሚያስብበት ጊዜ ነበር። ከግሬኒንጃው ጋር አካልና መንፈስ አንድ የሚሆኑበት፣ ለእሱ ብቻ የተሰጠ ልዩ ለውጥም ነበረው። ፍጻሜው ነሐሴ 2016 ተላለፈ። በጃፓን አስቀድሞ የታወጀው የክፍሉ ርእስ «የካሎስ ሊግ ድል» የሚል ሐረግ ነበረበት፤ ወዳጁ በደስታ ተዘጋጅቶ ተቀመጠ። ግሬኒንጃና የተጋጣሚው የአሌን ቻሪዛርድ ተያይዘው፣ ጢሱ ሲገፈፍ የወደቀው ግሬኒንጃ ሆነ። ቁጣው በጃፓንም በአሜሪካም አንድ ዓይነት ነበር፤ ሽንፈቱ ሳይሆን ርእሱ ነው ያቃጠላቸው። ተሸናፊ መሆን ይቻላል፣ በዋንጫ ተጠርቶ ተሸናፊ መሆን ግን መሞኘት ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ያ ግሬኒንጃ በ«ሰን» እና «ሙን» ጌሞች የነጻ ሙከራ ቅጂ ውስጥ ለተጫዋቹ ተሰጠ፤ ሰዉም አሽ እጅ ላይ በወደቀው ግሬኒንጃ በገዛ እጁ እያሸነፈ ተጽናና። በኋላ በ2022ቱ ጌም ያ መልክ ተነሣ፤ ስለዚያም ሌላ ለቅሶ ተለቀሰ።

አዘጋጆቹ ቆይተውም ቢሆን ሰሙ፣ ወይም የሰሙ መሰሉ። ከካሎስ ቀጥሎ የመጣው አሎላ ሥዕሉ የልጅ ሥራ የመሰለ፣ ቀልዱ የበዛ ነበርና ብዙ ሰው «ካርቱኑ ሞተ» ብሎ ጥሎት ሄደ። መስከረም 2019 አሽ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሣው እዚያው በተናቀው ወቅት ላይ ነው። ኅዳር 11 ቀን 2022 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮኑን ሊዮንን ረታ። የወደቀው ፒካቹ ዐይኑን ሲጨፍን በ25 ዓመት ውስጥ አብረውት የተጓዙት ሁሉ በሐሳቡ ይታዩታል፣ ይነሣና ይጨርሳል። ቶኪዮ ሺቡያ አደባባይ ላይ ግዙፎቹ ስክሪኖች ድሉን ሲያበስሩ ሰው ቆሞ ይመለከት ነበር። በስሌት ከተሄደ ግጥሚያው እንከን አያጣም፤ ያን ቀን ስሌት የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ከወር ጥቂት ቀን በኋላ የአሽ ታሪክ እንደሚያበቃ ተነገረ፤ የመጨረሻው ክፍል መጋቢት 2023 ወጣ።

የጌሙን ሕግ በካርቱን ለማየት የናፈቁትም በ2013 «ፖኬሞን ኦሪጅንስ» የተባለ አጭር ሥራ ደርሷቸው ነበር። ጀግናው የጌሙ ባለታሪክ ሬድ ነው፣ ሻምፒዮን ይሆናል፣ ስብስቡን ይሞላል። ተወደደ። እንደ አሽ ሽንፈት ያከራከረ ግን አልሆነም።

በጌሙ በኩል ከሁሉ የከፋው ብጥብጥ ሰኔ 2019 ተነሣ። ከጌሙ አዘጋጆች አንዱ ጁኒቺ ማሱዳ «ሶርድ» እና «ሺልድ» ጌሞች ላይ የቀድሞዎቹ ፖኬሞኖች ሁሉ እንደማይገቡ ተናገረ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ቅብጠት ሊመስለው ይችላል፤ 400 የሚሆኑ ይበቁ የለም ወይ? ግን አስቡት፤ በ2003 «ሩቢ» ላይ አንድ ፍጡር የያዘ ልጅ ያን ፍጡር ሲያሳድግ ኖሯል። ካሴቱን ከጌም ቦይ አድቫንስ አውጥቶ ዲ ኤስ ላይ ሰክቷል፣ ከዚያ ወደ «ብላክ» አሻግሮታል፣ ከዚያ በዓመት ኪራይ «ባንክ» ውስጥ አስቀምጦታል። ከትውልድ ትውልድ የተሻገረ ቅርስ ሆኗል። አሁን በሩ ላይ «ዝርዝሩ ውስጥ የለህም» ተባለ። የጌሙ ዋና ቃል ኪዳን «ሁሉንም ሰብስብ» የሚል ነበርና ክሕደቱ በገዛ ሕጉ የተፈጸመ ክሕደት ነው።

«ዴክሲት» የሚል ስም ወጣለት። ኩባንያው ምክንያቴ የሥዕል ጥራትና የፉክክር ሚዛን ነው ሲል፣ ተቺዎቹ የጌሙን አንድ ዛፍ ከ1998ቱ የዜልዳ ጌም ዛፍ ጎን አስቀምጠው «የትኛው ጥራት?» አሉ። ጌሙ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። «ጩኸታቸው ከንቱ ነበር» ለማለት ይህን ቁጥር የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው፤ እኔ እንዲያ አላነበውም። በ2020 በተጨማሪ ክፍያ የመጡት ሁለት ምዕራፎች ከ200 የማያንሱ ፖኬሞኖችን መልሰዋል። ሰሚ ነበረ፤ ሒሳቡ ለተጫዋቹ መጣ እንጂ። ኅዳር 2022 «ስካርሌት» እና «ቫዮሌት» ስሕተት ሞልቶባቸው ሲወጡም በሦስት ቀን 10 ሚሊዮን ተሸጡ፤ አሳታሚው ኔንቴንዶም ይቅርታ ጠየቀ። እያማረረ የሚገዛ ደንበኛ ያለው ኩባንያ ብዙ አይቸኩልም።

ሌሎች ደግሞ ከማማረር ይልቅ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። «ነዝሎክ» የሚባለው አጨዋወት በ2010 ከአንድ የኮሚክ ሥራ የተነሣ ነው፤ የወደቀ ፖኬሞን እንደሞተ ይቆጠራል፣ በየአካባቢው መያዝ የሚፈቀደው መጀመሪያ የተገኘው ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዱም ስም ይወጣለታል። ይህ ዘዴ የጌሙን ሒሳብ ሳይነካ የካርቱኑን ሐዘን ያስገባበታል፤ ብልህነቱ ይገርመኛል። የካቲት 2014 ላይ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የ«ቀዩን» ጌም አንድ ተጫዋች ትዊች በተባለው የቀጥታ ስርጭት ድረ ገጽ በአንድነት ሲያዝ፣ ልጁ ግድግዳ እየገጨና ክብ እየዞረ ከረመ። ሕዝቡ በየመሐሉ የሚነካካትን የማትረባ ቅሪተ አካል አምላክ አድርጎ ሾማት፣ ከፖኬሞኖቹ አንዱን ወፍ አዳኝ አለው። ከ16 ቀን በኋላ ጌሙን ጨረሱት።

ተቃውሞ ከውጭም መጥቷል። በ2001 የሳዑዲ ዓረቢያ የሃይማኖት ባለሥልጣናት ቁማር ይመስላል፣ የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ ይዟል ብለው ከልክለውታል። ዘመዶቹም አሉ፤ ዲጂሞን በ1999 በጀመረው ካርቱኑ ልጆቹን እያሳደገና እያስለቀሰ ፖኬሞን ያልሰጠውን ሰጠ፣ ዮካይ ዎች በ2014 የጃፓንን ልጆች ሰልፍ አስይዞ በፍጥነት ቀዘቀዘ፣ ጥር 2024 የወጣው ፓልወርልድ ደግሞ ለፍጡሮቹ ጠመንጃ አስይዞ ያኮረፈውን ተጫዋች ሰበሰበ። ኔንቴንዶና የፖኬሞን ኩባንያ በዚያው ዓመት መስከረም ከሰሱት።

ካርቱኑን ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ሊኮና ሮይ የተባሉ ልጆች ይመሩታል። ሊኮ ዓይን አፋር ናት፤ ዋንጫም አታሳድድም። መጀመሪያ ላይ «አሽ የሌለበትን ማን ያየዋል?» ያለው ብዙ ነው፤ ከዚያ መካከል ዛሬ ክፍል የማያመልጠው አለ። በ2025 ታሪኩ አንድ ዓመት ወደፊት ዘለለ፤ ልጆቹ ቁመት ጨምረው፣ ልብስ ቀይረው መጡ። አሽ በ25 ዓመት ያላገኘውን ልደት ሊኮ በሁለት ዓመት አገኘች፤ የአሽ ወዳጆች ይህንንም አኩርፈዋል።