ርቀቱ ስንት ኪሎ ሜትር ሳይሆን ስንት ሰዓት ነው?

መጽሐፍ ቅዱስን ስታነቡ ርቀት በምን እንደሚለካ አስተውላችኋል? ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአንድ ቀን መንገድ፣ የሦስት ቀን መንገድ እየተባለ ነው። የደቡብ ጎንደር ገበሬም የሚቆጥረው እንዲሁ ነው። በእብናት ገጠር «ጤና ጣቢያው ይርቃል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «ማልዳችሁ ከወጣችሁ ረፋድ ላይ ትደርሳላችሁ» የሚል መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ። ለከተማ ሰው ይህ የግምት ወሬ ይመስለዋል። ነገር ግን አንድ አገልግሎት ለሕዝቡ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው እንዲህ ያለው አቆጣጠር ነው። ለምን?

ክቡ የሚደብቀው ነገር

በሀገራችን ለብዙ ዓመታት የጤና ሽፋን ይሰላ የነበረው ከጤና ተቋሙ በ10 ኪሎ ሜትር ዙሪያ የሚኖረውን ሕዝብ በመቁጠር ነበር። በካርታ ላይ ክብ ይሠመራል፤ በክቡ ውስጥ ያለ ሁሉ «ተሸፍኗል» ይባላል። ይህ ስሌት ቀላል ነው፤ ለሜዳ አገርም ብዙ አያሳስትም። እብናት ግን ደጋና ቆላ፣ ዳገትና ገደል የበዛባት ወረዳ ናት። እንዲህ ባለ አገር ከማዶ ያለው ጤና ኬላ በዓይን እየታየ፣ እዚያ ለመድረስ ሸለቆውን መውረድ፣ ወንዙን መሻገርና እንደገና ሽቅብ መውጣት ግድ ይላል።

ዋልዶ ቶብለር የተባለ የጂኦግራፊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን በቀመር አስቀምጦታል። በእርሱ ስሌት አንድ ሰው በሜዳ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዳል። በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ወደ 2.5 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ያው 5 ኪሎ ሜትር በሜዳ አንድ ሰዓት ሲወስድ፣ በዳገት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ይህም ጤነኛ ሰው ሲሄድ ነው። ነፍሰ ጡሯስ? ሽማግሌውስ? ልጅ ያዘለችውስ? ዛሬ ባለሙያዎች የመሬቱን ከፍታ፣ መንገዱንና ወንዙን በኮምፒዩተር እያቀናጁ የጉዞ ሰዓት ካርታ ይሠራሉ። ገበሬው በልቡ ይዞት የኖረውን ካርታ እነርሱ አሁን በወረቀት ላይ አሰፈሩት ማለት ነው።

እብናት በ1977 ዓ.ም.

ይህ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እብናት የርቀትን ዋጋ በመከራ ታውቀዋለች። በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ ትልቅ የእርዳታ መጠለያ በዚያ ነበር። ምግብ የሚታደለው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ስለነበር የተራበው ሕዝብ ቀዬውን ትቶ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጓዘ። ከዚያም በሚያዝያ ወር ባለሥልጣናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠረውን ሕዝብ በግድ አስወጡ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። የደከመውም የታመመውም ያንኑ መንገድ በእግሩ እንዲመለስ ተደረገ።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር እብናት ከታቀፉት ወረዳዎች አንዷ ሆነች። ከተጠቃሚዎች መብቶች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፤ ማንም ድርሻውን ለመቀበል ከሦስት ሰዓት በላይ በእግር መሄድ የለበትም። ልብ በሉ፤ ደንቡ የሚቆጥረው ሰዓት ነው እንጂ ኪሎ ሜትር አይደለም። ማልዶ የወጣ ሰው ድርሻውን ይዞ በዚያው ቀን ቤቱ እንዲገባ ማለት ነው።

ሰዓቱ ሕይወት ሲሆን

ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት ሕክምና ካላገኘች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እንግዲህ ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሟት መኪና እስከሚገባበት መንገድ ድረስ ብቻ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ፣ ሆስፒታሉ በ10 ኪሎ ሜትር ክብ ውስጥ መሆኑ ምን ይጠቅማታል? የእናቶች ማቆያ የተፈለገውም ለዚህ ነው። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ማቆያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። መንገዱን ማሳጠር ካልተቻለ ጉዞውን ማስቀደም ይቻላል፤ እናቲቱ ምጥ ሳይጀምራት መጥታ በሆስፒታሉ አጠገብ ትቆያለች።

እንዴት እንለካ?

አንድ አገልግሎት ቅርብ ነው ከማለታችን በፊት እነዚህን ጥያቄዎች እንጠይቅ።

1. የሚሄደው ማን ነው? መለኪያው ብርቱው ጎረምሳ ሳይሆን ደካማው መንገደኛ ይሁን።

2. መቼ ነው የሚሄደው? በበጋ የአንድ ሰዓት መንገድ የሆነው፣ በክረምት ወንዝ ሲሞላ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም ይህንኑ አሳይቷል፤ መንገድ ሲዘጋ በካርታው ላይ ያለው ርቀት ሳይለወጥ የጉዞው ሰዓት ይለወጣል።

3. ደርሶ መልሱ ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የውኃ አቅርቦትን ሲመዝኑ መሄጃውን፣ ወረፋውንና መመለሻውን ደምረው ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይላሉ። ምንጩ ቅርብ ሆኖ ወረፋው ሁለት ሰዓት ከሆነ፣ ውኃው ሩቅ ነው።

4. ሲደርስ ምን ያገኛል? ጤና ኬላ ለክትባትና ለምክር ትልቅ በረከት ነው፤ ቀዶ ሕክምና ግን አይሠራበትም። ስለዚህ ሰዓቱ የሚቆጠረው የሚያስፈልገው ሕክምና እስካለበት ቦታ ድረስ ነው፤ ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ይህ ቦታ ደብረ ታቦር ይሆናል።

ወገኖች፣ ከአብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ በገጠር ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይሠራሉ። አጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ስታቅድ ቦታው የሚመረጠው መኪና ስለሚደርስበት ወይም መሬቱ በነፃ ስለተገኘ ብቻ አይሁን። ከኮሚቴው አንድ ሁለት ሰው ይላክ። ከመንደሩ ዳር ካለው የመጨረሻው ቤት ይነሡ፤ እንስራ ከተሸከመች እናት ጋር በእርሷ እርምጃ ይጓዙ፤ ሰዓታቸውንም ይመልከቱ። የሚያገኙት ቁጥር በሪፖርቱ ላይ ከተጻፈው ሊለይ ይችላል። ያን ጊዜ የእናቲቱን ቁጥር እመኑ።